የማስለቀቂያው ብር የሚከፈለው እዚሁ ኮምቦልቻ ነው፤ ክሱስ?

የሐረጎ ልጅ (ኮምቦልቻ)
ቅዳሜ ከምሽቱ 2፡10

እንዴት አመሻችሁ ወገኖቼ። ይህን ለመጻፍ ስንት ጊዜ ስልኬን አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። ሰሞኑን ዜናው ሁሉ የፍትሕ ማሻሻያ፣ ድንበር ተሻጋሪ ወንጀልን መከላከል፣ ከጎረቤት አገሮች ጋር መተባበር ሆኗል። መንግሥት ቃል ገብቷል፤ ጥሩ ነው። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ሳልናገር እንቅልፍ አልወስድ አለኝ።

ከስድስት ዓመት በላይ እዚህ ከተማ በአንድ ባንክ ገንዘብ ከፋይ ነበርኩ። አሁን ለቅቄአለሁ። አንድ ማክሰኞ፣ የባቲ ገበያ በዋለ ማግስት፣ አንዲት እናት መስኮቴ ላይ ቆሙ። የሻሻቸውን ጫፍ ፈትተው ብሩን አወጡ፤ ከዚያ ከልጅ ደብተር የተቀደደ አንድ ቅጠል ወረቀት ሰጡኝ። የሒሳብ ቁጥር ነው፣ በእርሳስ የተጻፈ። ሰባቷን አንድ ብዬ አነበብኩና የሌላ ሰው ስም መጣ። «እናቴ፣ የሚያስገቡለት ሰው ስሙ ማን ነው?» አልኳቸው። «አላውቀውም ልጄ፤ ብቻ ዛሬ ካልገባ ይገርፉብኛል» አሉኝ። በግራ እጃቸው የያዙት ስልክ አልተዘጋም ነበር። ከውስጡ የሚመጣው ድምፅ እስከ እኔ ድረስ ይሰማል። ልጃቸው ነው፤ የመን ውስጥ አጋቾች ይዘውታል።

ቁጥሩን አስተካክዬ አስገባሁ። ሌላ ምን ላደርግ እችል ነበር? ልጁ እየተገረፈ «አልቀበልም» ልበል? ለአለቃዬ ነገርኩ፤ ከዚያ በላይ በእጄ የነበረ ነገር የለም። ይህ ደግሞ የአንድ ቀን ነገር አይደለም። ፊታቸውን አይቼ የምለያቸው እናቶች ነበሩ።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ይህን ነው። ድንበር ተሻጋሪ ወንጀል ሲባል ሁላችንም የምናስበው የጂቡቲን ኦቦክ፣ የመንን፣ የሳዑዲን ጂዛን ነው። ሰዉ ድንበር ይሻገራል፤ ብሩ ግን አይሻገርም። ብሩ እዚሁ አገር ውስጥ በተከፈተ ሒሳብ ይገባል፣ በዚያው ቀን ይወጣል። ከዚያ ዕቃ ለሚያስመጣ ነጋዴ ይሰጣል፤ የነጋዴው ሰው ደግሞ እዚያ ማዶ በሪያል ወይም በዶላር ለአጋቹ ይከፍላል። ሐዋላ ማለት ይኸው ነው። ታዲያ ሒሳቡን የከፈተው ሰው መታወቂያ ሰጥቶ ነው የከፈተው፤ ፎቶው አለ፣ ፊርማው አለ። የመን ድረስ መርማሪ መላክ አያስፈልግም። ስንቱ ነው ተይዞ የተፈረደበት? የምታውቁ ንገሩኝ።

ኡሙ ሐናን (ደሴ)
ቅዳሜ ከምሽቱ 3፡02

ያ ረቢ። ወንድሜ፣ ስታወራ ያን መስኮት አየሁት። እኔም ቆሜበታለሁ፤ የእኔው ደሴ ነው እንጂ።

የወንድሜ ልጅ ነው። እናቱ ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። 17 ሞልቶት ነበር ሲሄድ። ደላላው ሩቅ ሰው እንዳይመስላችሁ። የወንድሜ ቀብር ላይ ድንኳን የተከለ ሰው ነው። ለልጁ «ብር አምጣ» አላለውም። «ሂድ፣ ሰው ሆነህ ስትደርስ ትከፍላለህ» ነው ያለው። በባቲ አድርገው፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ከዚያ በእግር። ባሕሩን ከተሻገረ በኋላ ስልክ ተደወለልኝ። ሁለት ጊዜ ከፈልኩ። መጀመሪያ ወርቄን፣ ቀጥሎ የወንድሜን በሬዎች። ልጁ ተመልሷል አልሐምዱሊላህ፤ እግሩ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ሌሊት ይጮኻል።

ከሰስን። እኔና ሌሎች ሁለት ቤተሰቦች ቃላችንን ሰጠን፤ ሰውዬው ተያዘ። ከዚያ ቀጠሮ ነው። አንድ ቀን ዳኛው የሉም፣ አንድ ቀን ተከሳሹን የሚያመጣ መኪና ጠፋ፣ አንድ ቀን ዐቃቤ ሕጉ ተቀይሮ አዲሱ መዝገቡን አላነበበም። እንዲህ እያለ ሰውዬው በዋስ ወጣ። በወጣ በሳምንቱ ሽማግሌ መጣ። አንድ ጊደርና የከፈልነውን ግማሽ ይዘው። ሁለቱ ቤተሰቦች ተቀበሉ። አልፈርድባቸውም፣ ዕዳ አለባቸው። እኔ እምቢ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ቆርቆሯችን ላይ ድንጋይ ይወርዳል።

ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው። ብቻዬን ምስክር ሆኜ ልሂድ ወይስ ልተወው? ማንን እንደምጠይቅ ስላላወቅሁ እናንተን ጠየቅሁ።

ጠበቃ ነኝ (ደሴ፣ ሆጤ)
ቅዳሜ ከምሽቱ 3፡40

እህቴ ኡሙ ሐናን፣ አይተዉት። ምክንያቱን ልዘርዝርልዎ፤ ረዘም ይላል።

አሁን የሚሠራው ሕግ በሰው የመነገድ እና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር ወንጀልን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ነው። ስሙ ላይ እንደምታዩት ሁለት ወንጀሎች አሉበት። ድንበር ማሻገር ማለት ሰውየው ራሱ ሄዶ «አሻግረኝ» ብሎ የሚከፍልበት ነው። በሰው መነገድ ግን በማታለል፣ በማስገደድ፣ የሰውን ችግር መጠቀሚያ በማድረግ ለብዝበዛ መመልመል፣ ማጓጓዝ፣ መቀበል ነው። ዐቃቤ ሕግ የትኛውን ይዞ እንደከሰሰ ማወቅ አለብዎት። ጉዳዩን ቀለል አድርጎ «ድንበር ማሻገር» ብሎ መክሰስ የተለመደ ነው፤ የማስረጃው ሸክም ስለሚቀል። «ሂድ፣ ስትደርስ ትከፍላለህ» ብሎ ልኮ በዕዳው ማስያዝና ማስገረፍ ግን ተራ ማሻገር አይደለም። በዚያ ላይ ልጁ 17 ዓመቱ ነበር። ሕፃን ነው፤ ፈቅዶ መሄዱ ለተከሳሹ መከላከያ አይሆንም። በሰው መነገድ ተጎጂው ሴት ወይም ሕፃን ከሆነ ከ10 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል። ተጎጂው አዋቂ ወንድ ሲሆን ከ7 እስከ 12 ነው። ከዚህ በፊት የነበረው አዋጅ 909/2007 ከ15 ዓመት ይጀምር ነበር፤ ቅጣቱ መቀነሱን እኔ በበኩሌ እስከ ዛሬ አልተቀበልኩትም።

ስለ እርቁ። ይህ በግል አቤቱታ የሚያስከስስ ወንጀል አይደለም። ሽማግሌ ቢያስታርቅ፣ ጊደር ቢታረድ፣ ክሱ በሕግ አይቋረጥም። ግን ምስክር ከቀረ መዝገቡ በማስረጃ እጦት ይዘጋል። ደላላው ጊደሩን የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ስለ ድንጋዩ። የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ 699/2003 አለን። ከወጣ ብዙ ዓመት ሆነው፤ እዚህ እኛ ዘንድ ግን ሲሠራበት ያየሁት ጥቂት ነው። ቢሆንም ለዐቃቤ ሕጉ በጽሑፍ ያመልክቱ። በጽሑፍ ያልገባ አቤቱታ እንዳልተነገረ ይቆጠራል።

ቦርከና ዳር
ቅዳሜ ከምሽቱ 4፡15

ሁላችሁንም አነበብኩ። ኡሙ ሐናን፣ አላህ ያግዝሽ። ግን አንድ ሰው ይህን መናገር አለበት፤ ደላላ ስለታሰረ የሚቀር ልጅ የለም።

እኔ ሄጄ ነበር። ጂቡቲ ውስጥ አሳል ጨው ባሕር ድረስ። ሌሊት ሌሊት ነው የሚኬደው፣ ቀን አይቻልም። መንገድ ዳር ድንጋይ የተከመረበት ቦታ ታያለህ፤ መጀመሪያ ምልክት መሰለኝ፣ መቃብር ነው። አብሮኝ የነበረው ልጅ ጫማው ስለተበጠሰ ከአንዱ ክምር አጠገብ የነበረ ጫማ አደረገ። የማንም አልነበረም። ታጁራ ላይ ተይዘን ተመለስን። ምናልባት አተረፉኝ።

ለምን ሄድኩ? ፋብሪካ ተቀጥሬ ነበር፤ ደመወዜ ከቤት ኪራይ አይተርፍም ነበር። የ2014ቱ ጦርነት ሲመጣ እሱም ቆመ። ሕጋዊ መንገድ ትላላችሁ፤ ሕጋዊው መንገድ በአብዛኛው ለቤት ሠራተኛ ሴቶች ነው። በ2006 መንግሥት ወደ ዓረብ አገር ለሥራ መሄድን አገደ፤ ሳዑዲ ያኔ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን መለሰች። ጥሩ ታስቦ ነው። ግን እገዳው እስከ 2010 ሲቆይ በአውሮፕላን የሚሄደው በባሕር መሄድ ጀመረ። ያንን ማን ይክሰሰው? መንገድ ስትዘጋ ደላላ ይበዛል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ፍትሕ ማለት እኮ ዳቦም ጭምር ነው።

የሐረጎ ልጅ (ኮምቦልቻ)
ቅዳሜ ከምሽቱ 4፡31

ቦርከና ወንድሜ፣ እውነትህን ነው፤ አንድም የምቃወመው ነገር የለም። ሥራ ከሌለ ልጅ ይሄዳል። ግን መሄድና መታገት ለየብቻ ናቸው። አንተን ታጁራ ላይ ባይዙህ ኖሮ እናትህ እኔ መስኮት ላይ ትመጣ ነበር። ያን ወረቀት ይዛ። እኔ የምለው እሱን ነው፤ የሄደውን ልጅ አትክሰሱ፣ የሸጠውን ግን አትማሩት።

ቦርከና ዳር
ቅዳሜ ከምሽቱ 4፡38

እናቴን አነሳህብኝ። እሺ፤ ተቀብያለሁ።

ጦሳ
እሑድ ጠዋት 1፡20

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዚህ ሥርዓት ላይ ያለኝ እምነት አልቋል። ኪዳኔ ዘካርያስን ታስታውሳላችሁ? ሊቢያ በረሃ ላይ ሰው እያሳገተ ያሰቃየ የነበረው። አዲስ አበባ ተይዞ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። በ2013 ከእጃቸው አመለጠ። ከዚያም በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ከሊቢያ ተርፈው መጥተው እፊቱ ቆመው የመሰከሩ ልጆች ያን ቀን ምን ተሰማቸው? የሚኒስቴሩ ስም በ2014 ከጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ተቀየረ፣ በ2016 የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ጸደቀ፣ በ2017 የንብረት ማስመለስ አዋጅ ወጣ። ወረቀት ሞልቶናል። ኡሙ ሐናን ደግሞ ቆርቆሮዋ ላይ ድንጋይ ይዘንባል።

ጠበቃ ነኝ (ደሴ፣ ሆጤ)
እሑድ ጠዋት 2፡05

ጦሳ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ያ ማምለጥ የሁላችንም እፍረት ነው። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንናገረው። ኪዳኔ በታኅሣሥ 2015 ሱዳን ውስጥ ተያዘ። ያስያዘው ምን ይመስልሃል? የኤምሬትስ ፖሊስ የገንዘቡን ዱካ፣ የዘመዱን የገንዘብ እንቅስቃሴ ጭምር፣ ተከትሎ ነው ከኢንተርፖል ጋር የደረሰበት። ተባባሪው ተወልደ ጎይቶም ደግሞ እዚሁ 18 ዓመት ተፈርዶበት ኋላ ለኔዘርላንድስ ተላልፎ ተሰጠ። ሲፈለግ ይቻላል።

ስለዚህ የሐረጎ ልጅ ያነሣው ነገር ትልቁ ነገር ነው። ከ2005ቱ አዋጅ 780 ጀምሮ የገንዘብ ማጠብ መከላከያ ሕጋችን ባንኮች አጠራጣሪ ግብይትን ለፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። የንብረት ማስመለሱ አዋጅም ቢሆን ለዚህ ይጠቅማል፤ ደላላው ቤት ሠርቶበታል፣ ሲኖትራክ ገዝቶበታል። የእኛ ምርመራ ግን እስካሁን በሰው ቃል ላይ የቆመ ነው። አንድ እናት ምስክር ሳጥን ውስጥ አቁመን አገሩን ሁሉ ትከሻዋ ላይ እንጭናለን። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በ1954 ሲወጣ በስልክ ብር መላክ የሚባል ነገር አልታሰበም። የባንክ ሰነድ አይፈራም፣ ጊደር አይቀበልም፣ ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ አይወረወርበትም። ማሻሻያ ከተባለ እዚህ ላይ ነው የማየው፦ መርማሪው ቃል ከመቀበሉ በፊት የሒሳብ ዝርዝር የሚጠይቅበት ቀን ሲመጣ።

ከጂዳ
እሑድ ከቀኑ 7፡50

ከሥራ መልስ ነው ያየሁት። እናንተ ስለ መነሻው ታወራላችሁ፣ እኔ ከመድረሻው ልጨምር።

በጂዛንና በናጅራን ድንበር ልጆች ብር ሲያልቅባቸው «ይህን ተሸክመህ ካሻገርክ ነፃ ትሄዳለህ» ይባላሉ። ሐሺሽ ነው፣ ጫት ነው። ከተያዙ እስር ነው፤ በሐሺሽ ሞት የተፈረደባቸውና የተፈጸመባቸው የእኛ ልጆች አሉ። እኔ የማውቀው አንድ የወሎ ልጅ በዓረብኛ የተጻፈ ወረቀት ፈርሞ ምን እንደፈረመ ያወቀው ከወር በኋላ ነው። ነሐሴ 2015 ሂዩማን ራይትስ ዎች የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን እንደገደሉ ዘገበ፤ ሳዑዲ አስተባበለች፤ ነገሩም በዚያው ቀዘቀዘ። ከተረፉት አንዱን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ቀኝ እጁ የለም።

ስለዚህ መንግሥታችን ከሌሎች ጋር እተባበራለሁ ሲል እኔ የምጠብቀው ትንሽ ነገር ነው። ለታሰረ ልጅ አስተርጓሚ። የቆንስላ ሰው በሳምንት አንድ ቀን። ተሸካሚው ልጅ ተጎጂ መሆኑን ከኢትዮጵያ የተጻፈ ደብዳቤ። የእኛ ሕግ «ተጎጂ» የሚለውን ልጅ እዚህ «ወንጀለኛ» ብለው ሲሰይፉት የሚከራከርለት ወገን ይኑረው።

የገራዶ አባት
እሑድ ከምሽቱ 1፡30

የምትጽፍልኝ ልጄ ናት፤ እኔ የምናገረውን ነው። ሰላም ለእናንተ ይሁን።

በሽምግልና ዘመኔ ብዙ ደም አድርቄአለሁ። በእኛ በወሎ አበጋር ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀመጥበት ነው። ገዳይና የሟች ቤተሰብ ይታረቃል። ግን መጀመሪያ እውነት ይወጣል። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» የሚል ሰው ሳይቆም ዱዓ አይደረግም፣ አይመረቅም። ይቺን ልጅ ዘንድ ጊደር ይዘው የመጡት ሰዎች ደላላውን «አጥፍቻለሁ» አስብለውታል ወይ? አላስባሉትም። ሌላ ልጅ እንዳይልክ አስምለውታል ወይ? አላስማሉትም። ስለዚህ ያ እርቅ አይደለም፤ ምስክር መግዛት ነው። በሽማግሌ ስም መደረጉ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

እኛም በድለናል። ስንት ጊዜ ነው «የአገር ልጅ ነው፣ እስር ቤት ከሚበሰብስ ይካስ» ብለን ያስፈታነው። ያስፈታነው ሰው በሚቀጥለው ዓመት የሌላ ሰው ልጅ ላከ። ይህን ሳልናገር ብሞት ይጠየቅብኛል።

ልጄ ኡሙ ሐናን፣ ማክሰኞ ሂጂ። እነዚያን ሽማግሌዎች ከመካከላቸው ሁለቱን የማውቃቸው ይመስለኛል፤ ነገ ሰኞ ገበያ ላይ አገኛቸዋለሁ። ሁለቱ ቤተሰቦች ጊደሩን መልሰው ይመስክሩ አልልም፤ ጊደሩ ካሣቸው ነው፣ ይያዙት። መመስከር ግን በዱዓ ሊታሰር አይችልም ብዬ እነግራቸዋለሁ።

ኡሙ ሐናን (ደሴ)
እሑድ ከምሽቱ 2፡15

አባታችን፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን። ይህን ስሰማ አለቀስኩ፤ ልጁም አጠገቤ ሆኖ ሰማ። ምንም አላለም፣ ግን ተነሥቶ ሻይ አፈላልኝ። ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ሲያደርግ ይህ መጀመሪያው ነው።

እሄዳለሁ።

ጠበቃ ነኝ (ደሴ፣ ሆጤ)
እሑድ ከምሽቱ 2፡40

ማክሰኞ ጠዋት 2፡30 ላይ በሩ ጋ እጠብቅዎታለሁ፤ ክፍያ የለውም። አንድ ጥያቄ፤ ብሩን ያስገቡበትን የባንክ ደረሰኝ አስቀምጠዋል? ለመርማሪው ሰጥተዋል?

ኡሙ ሐናን (ደሴ)
እሑድ ከምሽቱ 2፡52

መርማሪው አልጠየቀኝም። ቃሌን ብቻ ነው የጻፈው። ደረሰኞቹ አሉኝ፣ ከቁርአኔ ሽፋን ውስጥ ነው ያስቀመጥኳቸው። አራት ናቸው፤ ሁለቱን ጊዜ ከፋፍዬ ስለሆነ ያስገባሁት። ግን ቀለማቸው እየጠፋ ነው። አንደኛው ላይ ስሙ ይታያል፣ ቀኑ አይነበብም።

የሐረጎ ልጅ (ኮምቦልቻ)
እሑድ ከምሽቱ 3፡00

እትዬ፣ እባክዎ አሁኑኑ በስልክ ፎቶ ያንሷቸው፤ ነገ ደግሞ ፎቶኮፒ ያስደርጉ። ያ ወረቀት ሙቀት ሲነካው ይጠፋል፤ ምድጃ አጠገብ እንዳያስቀምጧቸው፣ በፕላስቲክም አያስለብጧቸው። ቀኑ ባይነበብም አይጨነቁ፤ ከታች በኩል ረጅም ቁጥር አለ፣ የግብይቱ መለያ ነው። በእሱ ባንኩ የራሱን ቅጂ ያወጣል፣ ፍርድ ቤት ካዘዘው። ጠበቃችን ትእዛዙን ይጠይቁልዎ።

እኔም ቁጥሮቹ ምን ማለት እንደሆኑ ለማስረዳት ካስፈለግሁ እመጣለሁ። ማክሰኞ በጠዋቱ ሚኒባስ ሐረጎን እወጣለሁ።

ኡሙ ሐናን (ደሴ)
ሰኞ ጠዋት 3፡25

ፎቶኮፒ አስደረግሁ። የሦስቱ ቁጥር ይታያል። አራተኛውን ልጁ በባትሪ እያበራ ሲያየው ቆይቶ ሁሉንም ቁጥር አነበበልኝ፤ አንዷ ብቻ ሰባት ትሁን አንድ አልለየላትም።

የሐረጎ ልጅ (ኮምቦልቻ)
ሰኞ ጠዋት 3፡31

ሁለቱንም አድርገው ይጻፉልኝ። ነገ እንገናኝ፣ ኢንሻአላህ።